ዐፄ ቴዎድሮስና የመቅደላ አምባ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ከላይ ጋይንት ደጋ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ጨጨሆን አልፎ ዋድላ ይደርሳል፤ ከዋድላም የጅጣን ገደል ወርዶና ወጥቶ የደላንታን ሜዳ ያገኛል። ከደላንታ ጫፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲመለከት የበሽሎ ወንዝ በጥልቅ ቆላ ውስጥ ሲጠማዘዝ ያያል። ከወንዙ ማዶ፣ ዙሪያውን ገደል ያጠረው፣ አናቱ ግን ለጥ ያለ አንድ ተራራ ቆሟል። ይህ ተራራ መቅደላ ነው። የስማዳ ወረዳም ከወሎ የሚለየው በዚሁ በበሽሎ ስለ ሆነ፣ መቅደላ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ልጆች የሩቅ አገር ሳይሆን የጎረቤት አምባ ነው።

ይሁን እንጂ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ አምባውን ለማየት ከባሕር ማዶ ሰው ሲመጣ ከእኛ መካከል ያየው ጥቂት ነው። እኔም በአንድ የበጋ ዕረፍት ከአጎቴ ጋር ሄጄ እስካየሁት ድረስ ስሙን ከታሪክ መጽሐፍ በቀር አላውቀውም ነበር። ከጉዞው ስመለስ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ አምባ ያለ ሰው ታሪክ ድንጋይ ብቻ መሆኑን ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አስቀድሜ የዐፄ ቴዎድሮስን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት በአጭሩ እተርካለሁ፤ ቀጥሎም አምባውን ለመጎብኘት የሚያስብ ጓደኛዬ ምን ማየት እንደሚገባው እገልጻለሁ።

ልጅነትና የሽፍትነት ዘመን

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ግድም በቋራ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ካሣ፣ አባታቸው ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናታቸውም ወይዘሮ አትጠገብ ወንድ በወሰን ይባሉ ነበር። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው። በጎንደር ንጉሠ ነገሥት የሚባል ሰው በዙፋን ላይ ቢቀመጥም ሥልጣኑ የስም ብቻ ነበር። አገሩን የሚገዙት የየአውራጃው መሳፍንት ሲሆኑ፣ ከእነሱም በላይ የሆኑት የየጁ ራሶች መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አድርገው ነበር። መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው በተዋጉ ቁጥር የሚቃጠለው የገበሬው ጎጆ፣ የሚበላውም የገበሬው እህል ነበር።

ካሣ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞቱ። እናቱም በችግር ላይ ወደቁ፤ በኋላ ዘመን ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ሊያዋርዱት የሞከሩት በዚህ ምክንያት ነው። ልጁም ንባብና ጽሕፈት እንዲማር በጣና ሐይቅና በጎንደር መካከል ወዳለው ወደ ጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ተላከ። ከዕለታት አንድ ቀን በጦርነት የተሸነፈ አንድ መስፍን ቂሙን ሊወጣ ገዳሙን ወርሮ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹን ፈጀ። ካሣ አምልጦ ወደ ዘመዱ ወደ ደጃዝማች ክንፉ ዘንድ ሄደ። ዛሬ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠን ይህን የምናነብ ሁሉ፣ የጓደኞቹ ደም በትምህርት ቤቱ ግቢ ሲፈስ ያየ ልጅ ምን ዓይነት ልብ ይዞ እንደሚያድግ ልናስብ ይገባናል። መሳፍንቱን የማጥፋት አሳብ በካሣ ልቡና ውስጥ የተዘራው ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ዓ.ም. በሱዳን ወሰን በኩል የመጣውን የግብፅ ሠራዊት ድል ያደረጉ ጀግና ነበሩ። ካሣም በእሳቸው ቤት ፈረስ መጋለብን፣ ጦር መወርወርንና ሰው ማስተዳደርን ተማረ። እሳቸው በሞቱ ጊዜ ግን ግዛታቸው በሌሎች እጅ ስለ ወደቀ፣ ካሣ ጥቂት ተከታዮች ይዞ ቋራ በረሃ ገባና ሸፈተ። ሽፍታ ሆኖ ሳለ የዘረፈውን ከተከታዮቹ ጋር ተካፍሎ እንደበላና ለድኻው ባላገርም እንዳካፈለ ይተረካል። ስለዚህ ሠራዊቱ ከቀን ወደ ቀን በዛ።

የዘመኑ ኃያል የነበሩት ራስ ዓሊና እናታቸው እቴጌ መነን ይህን ወጣት በጦር ማስገበር ቢያቅታቸው በጋብቻ ሊያስሩት አሰቡ። የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩለት። ነገር ግን አሳባቸው ከሸፈ፤ ወይዘሮ ተዋበች ከአባታቸው ይልቅ ለባላቸው ታማኝ ሆኑ። በ1839 ዓ.ም. ካሣ እቴጌ መነንን ጦር ገጥሞ ማረካቸውና የደምቢያን ግዛት ካስጸደቀ በኋላ ለቀቃቸው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1840 ዓ.ም.፣ ካሣ በሱዳን ወሰን ደባርቂ በተባለ ስፍራ ከግብፅ ወታደሮች ጋር ተዋጋ። የሱ ሰዎች በጀግንነት ቢሮጡም በምሽግ ውስጥ ሆኖ በመድፍ የሚተኩስ፣ በሥርዓት የሰለጠነ ጦር ገጠማቸውና ተሸነፉ። ይህ ሽንፈት በሕይወቱ ውስጥ ካገኛቸው ድሎች ሁሉ የበለጠ አስተማረው ማለት ይቻላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ መድፍ ከአሳቡ አልወጣም።

ከመስፍንነት ወደ ንጉሠ ነገሥትነት

ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ የካሣ ድል እንደ ጎርፍ ሆነ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን አሸነፈ፤ ደጃዝማች ጎሹም በጦርነቱ ላይ ሞቱ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በጣቁሳ፣ በሰኔ 23 ቀን ደግሞ በአይሻል ራስ ዓሊን ድል ነሣ። በአይሻል የዘመነ መሳፍንት ምሰሶ ተሰበረ። በመጨረሻም በየካቲት 1847 ዓ.ም. የስሜኑንና የትግሬውን ገዥ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ከማረከ በኋላ፣ በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ነገሠ። ስሙም ቴዎድሮስ ተባለ። የፈረስ ስሙ ደግሞ አባ ታጠቅ ነው። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ስማቸውን በአክብሮት እንጠራለን።

ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡት ለመሾምና ለመሻር ብቻ አልነበረም፤ አገሪቱን ሊለውጡ አስበው ነበር። ወታደር በገበሬ ቤት እየተመራ መብላቱ ቀርቶ ደመወዝ እንዲቀበል፣ ሽፍታውና ዘራፊው ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ፣ የባሪያ ንግድ እንዲቀር አዋጅ አስነገሩ። በዘመናቸው የነገሥታት ታሪክ ሲጻፍበት በኖረው በግዕዝ ፈንታ ደብተራ ዘነብ ታሪካቸውን በአማርኛ ጻፉ። ዛሬ በአማርኛ ድርሰት የምንጽፍ ተማሪዎች ይህን ልንዘነጋው አይገባም።

ነገር ግን አሳባቸው ከዘመኑ ቀድሞ ነበር፤ ትዕግሥታቸውም ካሳባቸው ያነሰ ነበር። የቤተ ክርስቲያንን መሬት ቀንሰው ለወታደር ደመወዝ ሊያደርጉት ባሰቡ ጊዜ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ። መሳፍንቱም በየጊዜው ዐመፁ። በጎጃም ተድላ ጓሉ፣ በላስታ ዋግ ሹም ጎበዜ፣ በትግሬ አገው ንጉሤ ተነሡባቸው፤ ወሎና ሸዋም አላረፉም። በ1850 ዓ.ም. አማካሪያቸውና ወዳጃቸው የነበሩት እቴጌ ተዋበች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ቁጣቸውን የሚያበርድ ሰው አልተገኘም ይባላል። ዐመፅ በበረታ ቁጥር ቅጣታቸው እየከፋ፣ ቅጣታቸው በከፋ ቁጥርም ዐመፁ እየበረታ ሄደ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቷንም ዘረፉ። አገሪቱን አንድ ሊያደርጉ የተነሡት ንጉሥ በመጨረሻ በእጃቸው የቀረው ደብረ ታቦርና መቅደላ፣ በመካከላቸውም ያለው አገር ብቻ ሆነ። ያ በመካከል ያለው አገር ደግሞ የእኛ አገር ነው።

መቅደላን ዐፄ ቴዎድሮስ የያዙት በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ወሎን ባስገበሩ ጊዜ ነው። አምባው ገደል ስለ ከበበው ጥቂት ዘበኛ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ግምጃ ቤታቸውንና እስር ቤታቸውን በዚያ አደረጉ። የሸዋው ልጅ ምኒልክ በዚያ በእስር አድገው በ1857 ዓ.ም. አመለጡ። ንጉሡን የቀቡት አቡነ ሰላማም በዚያው አምባ በእስር ላይ ሳሉ በ1860 ዓ.ም. ዐረፉ። ከየአብያተ ክርስቲያናቱ የተሰበሰቡት የብራና መጻሕፍት የተከማቹትም በዚያ ነው፤ ንጉሡ በአምባው ላይ ለመድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩ አስበው ነበር።

መድፍ በጋይንት ሲያልፍ

ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የፈለጉት ሰባኪ ሳይሆን ባለ እጅ ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተቀመጡት የውጭ አገር ሚሲዮናውያን የእጅ ሥራ የሚያውቁ ስለ ነበሩ፣ መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። ሰዎቹ መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበርና በመጀመሪያ ቢሞክሩት አልሆነም። ንጉሡ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ እንደገናም አስሞከሩ፤ በመጨረሻም ተሳካ። ከተሠሩት ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል የተባለው ነው። ክብደቱ 7 ቶን ግድም ስለ ሆነ፣ በእኛ አነጋገር 70 ኩንታል እህል ያህላል ማለት ነው።

በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ወዳጅነትን የሚጠይቅ ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤው ለንደን ቢደርስም መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን እንደ ንቀት ቆጥረው በ1856 ዓ.ም. የእንግሊዝን ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። በኋላም መልስ ይዞ የመጣውን ራሳምን ጭምር ያዙት። የእንግሊዝ መንግሥትም እስረኞቹን ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ፣ ወደ 13,000 ወታደር ያለው ጦር ከሕንድ ላከ። ጦሩ በቀይ ባሕር ዳር በዙላ ወረደ፤ ለመድፍ መጫኛ 44 ዝሆኖችም አብረው መጡ።

በዚህ ጊዜ ነበር ዐፄ ቴዎድሮስ ከመስከረም 1860 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ የተነሡት። ወታደሩ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ እስረኛው፣ ባለ እጁ ሁሉ ተከተለ። በመካከሉ ሴባስቶፖልና ሌሎቹ መድፎች በጋሪ ላይ ተጭነው በጠፍር ገመድ ይጎተቱ ነበር። ሴባስቶፖልን ብቻ ለመጎተት በመቶ የሚቆጠር ሰው ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዘመን በአገራችን የጋሪ መንገድ አልነበረም። ስለዚህ መድፉ አንድ እርምጃ እንዲሄድ አስቀድሞ መንገዱ መጥረግ፣ ድንጋዩ መፈንቀል፣ ገደሉ መቆረጥ ነበረበት። ንጉሡም ከሰው ሁሉ ቀድመው ድንጋይ ያነሡ፣ በእጃቸው ይቆፍሩ ነበር። ጋይንትን አልፈው፣ በጨጨሆ በኩል ቤተ ሖር ደርሰው፣ ወደ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ያለውን የጅጣን ገደል መንገድ እያወጡ ወረዱት፤ እንደገናም ወጡት። ዛሬ በአውቶቡስ በአንድ ቀን የሚያልቀው መንገድ ስድስት ወር ግድም ፈጀባቸው። በኋላ የመጡት እንግሊዞች እንኳ በዚያ መንገድ ተጠቅመው ጅጣን ተሻገሩ፤ በሥራውም ተደነቁ።

የመንገዱ ታሪክ ግን ሁለት ፊት አለው። አያቴ ከአያታቸው የሰሙትን ሲነግሩኝ፣ ያ ሠራዊት ባለፈበት ሁሉ ጎተራ ባዶ ቀርቷል፣ በሬ ታርዷል፣ ሰውም ወደ ቆላና ወደ ዋሻ ሸሽቷል። የታሪክ ጸሐፊዎችም የዚያን ዓመት የቤጌምድርን መጥፋት ይመሰክራሉ። አጎቴ ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስን እጅግ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ፎቷቸውን ሳይሆን ሥዕላቸውን በግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። ስለዚህ ወደ መቅደላ ስንሄድ በአውቶቡስ ውስጥ እኔ የአያቴን፣ እሳቸው የንጉሡን ጥብቅና ይዘን ከነፋስ መውጫ እስከ ጋሸና ስንከራከር ሄድን። ገበሬን ከወታደር ሊያድኑ የነገሡ ንጉሥ በመጨረሻው ዓመታቸው የገበሬውን እህል በወታደር አስበሉ፤ ይህ ለምን ሆነ? አጎቴ መልስ አላጡም፤ እኔም አልረካሁም።

የመቅደላ ፍጻሜ

ዐፄ ቴዎድሮስ በመጋቢት 1860 ዓ.ም. መድፎቻቸውን ይዘው መቅደላ ደረሱ። እንግሊዞችም ከትግሬው ካሣ ምርጫ እርዳታ አግኝተው፣ ማንም ሳይገጥማቸው እስከ ደላንታ መጡ። ሚያዝያ 2 ቀን ንጉሡ በእስላምጌ ሜዳ ላይ ከታሰሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹን አስገድለው ወደ ገደል አስወረወሩ። በማግሥቱ፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ የስቅለት ዓርብ ነበር። የንጉሡ ጦር በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከፋላ ተራራ ወርዶ በአሮጌ ሜዳ ላይ ከእንግሊዞች ጋር ገጠመ። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ከተራራው ላይ የተተኮሱት መድፎች በጠላት ላይ እምብዛም ጉዳት አላደረሱም፤ የእንግሊዝ አዲስ ጠብመንጃ ግን ጎራዴና ጦር የያዘውን ሰው እንደ አጨዳ አጨደው። ከኢትዮጵያውያን ወገን ወደ 700 የሚሆን ሰው ሞተ፤ ገብርዬም ወደቁ። ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስ የታሰሩትን አውሮፓውያን ለቀቁ፤ ለፋሲካም ከብትና በግ ወደ እንግሊዝ ሰፈር ላኩ። ናፒየር ግን እጃቸውን እንዲሰጡ ጠየቀ፤ እሳቸውም እንቢ አሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ ሠራዊታቸውን አሰናብተው ከጥቂት ታማኞች ጋር በአምባው በር ላይ ቀሩ። እንግሊዞች በሩን ሰብረው ሲገቡ፣ ቀድሞ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። እንደ እስረኛ ወደ ባሕር ማዶ ከመወሰድ ሞትን መረጡ። በአምባው ቤተ ክርስቲያንም ተቀበሩ።

ከዚያ በኋላ አምባው ተዘረፈ፣ ቤቶቹም ተቃጠሉ። የብራና መጻሕፍት፣ ዘውዶች፣ ጽዋዎች፣ ታቦታትና ልብሰ ተክህኖ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭነው ወደ ደላንታ ሜዳ ተወሰዱና በጨረታ ተሸጡ። ወደ 350 የሚሆኑ መጻሕፍት ለንደን ገቡ። የዛሬ የግዕዝ ተማሪ የአባቶቹን መጽሐፍ በዋናው ለማየት ቢፈልግ ባሕር መሻገር ግድ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በ1994 ዓ.ም. አንድ ታቦት ከስኮትላንድ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከንጉሡ ራስ የተቆረጠ ጸጉር ከለንደን ተመልሷል፤ ከተወሰደው ጋር ሲነጻጸር ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ ታሪክ ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ወደ ባሕር ሲወሰዱ በመንገድ ላይ ሞቱ። የሰባት ዓመቱ ልጅ ያለ አባትና ያለ እናት እንግሊዝ አገር ገባ። እዚያም ተማረ፤ ግን አልደላውም። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተና በዊንዘር ተቀበረ። እኔም ይህን ስጽፍ 18 ዓመቴ ነው። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

አምባውን ለሚጎበኝ

ከእኛ አገር ለሚነሣ ሰው የሚሻለው ንጉሡ በሄዱበት አቅጣጫ መሄድ ነው። ከነፋስ መውጫ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ጋሸና ይደረሳል። ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ ጅጣን ተሻግሮ፣ ዛሬ በኦፓል ማዕድን ስሟ ወደ ታወቀው ወደ ወገል ጤና ይገባል። ከደላንታ ጫፍ እስከ አምባው ያለው የእግር መንገድ ነው። ሌላው መንገድ ከደሴ ተነሥቶ በኩታበር በኩል በሽሎን ተሻግሮ ወደ ተንታ የሚወስደው ነው፤ በመኪና ለሚሄድ ይህ ይቀላል።

ጉዞው በበጋ ይሁን። በክረምት በሽሎ ስለሚሞላ በእግር መሻገር ሞት ነው። ቆላው ቀን ላይ ያቃጥላልና ገና ጎሕ ሲቀድ መነሣት፣ ውኃና ስንቅ መያዝ ይገባል። ያለ አገሩ ሰው መሄድ አይገባም፤ መሪ ይዞ ለድካሙም ተገቢውን መክፈል ጨዋነት ነው።

ከበሽሎ ሲወጡ አስቀድሞ የሚገኘው የአሮጌ ሜዳ ነው። የስቅለት ዕለቱ ውጊያ የተደረገው እዚህ ነው። ከላዩ የፋላና የሥላሴ ተራሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ከነሱ ቀጥሎ እስላምጌ፣ ከእስላምጌ በላይ መቅደላ ራሱ አለ። ገደሉን በቀጭኑ መንገድ ሲወጡት ጥቂት ሰው ብዙ ጦር ሊመክትበት የሚችል መሆኑ ይታወቃል። አናቱ ላይ ሲደርሱ ግን ገደል መሆኑ ይረሳል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ሜዳ ነው። የንጉሡ ከተማ፣ ግምጃ ቤት፣ እስር ቤትና ቤተ ክርስቲያን በዚህ ላይ ነበሩ። ሴባስቶፖልም እስከ ዛሬ በዚያው አለ። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምሳሌው ነው፤ ዋናው ግን ከተጎተተበት አምባ አልወረደም። እጄን በላዩ አሳረፍሁ። ፀሐይ አሙቆት ነበር። የጋይንት ገበሬ ሲያልፍ ያየው፣ ምናልባትም የአያቴ አያት ገመዱን የጎተቱት መድፍ ይህ ነው ብዬ አሰብሁ።

በመመለሻችን በእስላምጌ ገደል አፋፍ ላይ ቆምን። መሪያችን እስረኞቹ የተወረወሩበትን ስፍራ በእጁ አሳየን። ለንጉሡ ጥብቅና ቆመው የመጡት አጎቴ ቆባቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔም የሞቱበትን በር አይቼ ስለ መጣሁ፣ የአያቴን ክስ ለማንሣት አልደፈርሁም። ወደ በሽሎ ስንወርድ ማናችንም ክርክሩን አልጀመርነውም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ የመጀመሪያውን መሠረት የጣሉ፣ ለዕውቀትና ለሥራ የተጉ፣ በውጭ ሰው ፊት ያልተንበረከኩ ታላቅ ንጉሥ ናቸው። ሕዝቡን በፍቅር መያዝ ስላልቻሉ ግን አምባ ቢመሽጉ የሚከተላቸው አጡ። ገደል የጠበቃቸውን ሰው ሕዝብ አልጠበቃቸውም። ሁለቱንም እውነት ሳንደብቅ መናገር ንጉሡን ማዋረድ አይደለም፤ ታሪካቸውን በሙሉ ማክበር ነው። አንዱን ብቻ ይዞ የሚሄድ ጎብኚ የአምባውን ግማሽ ብቻ አይቶ ይመለሳል።

በመጨረሻ ለጓደኞቼ አንድ ነገር ላሳስብ እወዳለሁ። ከመቅደላ የተወሰዱትን መጻሕፍት ለማስመለስ እኛ ተማሪዎች አቅም የለንም። ነገር ግን መድፉ ያለፈበት መንገድ በእጃችን ነው። ሠራዊቱ በየትኛው መንደር እንዳደረ፣ በየትኛው አቀበት እንደደከመ፣ የተሸሸበት ዋሻ የት እንደሆነ ከአያቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ዛሬም አሉ፤ ነገ ግን አይኖሩም። በዚህ ዕረፍት እያንዳንዳችን ከአንድ ሽማግሌ እግር ሥር ተቀምጠን የሰማነውን ብንጽፍ፣ የሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችን ማንም በዝሆን ጭኖ የማይወስደው ግምጃ ቤት ይሆናል።